የታጠበ እግር

በእኛ አጥቢያ በዓመት አንድ ቀን እግር ይታጠባል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ እናንተም እንዲሁ አድርጉ ስላለ ነው። በሥርዓቱ ላይ ምንም የለኝም። የሚያስጠላኝ የሚታጠበው እግር ነው። ሰዉ ዋዜማውን ቤቱ ተቀምጦ እግሩን በድንጋይ ይፈገፍጋል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል፣ ቅባት ይቀባል፣ እሑድ ጠዋት አዲስ ካልሲ ያጠልቃል። ከዚያ ይመጣና መድረክ ላይ ተቀምጦ የታጠበ እግሩን ያስታጥባል። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርግበታል፣ ነጭ ፎጣ ያስነካዋል፣ መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። የሳፋው ውሃ እንደገባ ይወጣል። ወጥ ቢሠሩበት ይሆናል።

ይህን የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔም ከእነዚያ አጣቢዎች አንዱ ለመሆን ስመኝ ነው ያረጀሁት። አጣቢ የሆነ ሰው ከዚያ በኋላ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሠርግ ሲኖር ጸሎት እሱ ይከፍታል። እኔን ግን የመረጠኝ የለም። አንደኛ አፌ ሻካራ ነው፣ ሁለተኛ ትምህርት የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው ወላይትኛ ነው። አማርኛ ለእኔ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ የለመድኩት ማመልከቻ ስጽፍ ነው። ይህም ማመልከቻ ቢመስል አትፍረዱብኝ።

አንድ እሑድ ከሶዶ አንዲት ነርስ መጣች። ከሰሜን ተመድባ የመጣች ናት፤ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ከስብከቱ በኋላ ቆማ በአማርኛ ረጅም ነገር ተናገረች። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ጆሮዬም ደከም ብሏል፤ የምሰማው አስተርጓሚውን ብቻ ነው። አስተርጓሚያችን ደግሞ ማሳጠር ይወዳል፤ በተለይ ምሳ ሰዓት ሲደርስ። እሷ ሩብ ሰዓት የተናገረችውን እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፤ እግር ለማጠብ ጥሪ ያለው ሰው ይቁም አለ።

በእኛ አገር ጥሪ የሌለው ሰው የለም። የአንዱ ጥሪ መስበክ ነው፣ የሌላው መዘመር፣ የሌላው መተንበይ። ጥሪው ሁሉ ደግሞ ማይክራፎን ካለበት አይርቅም። እኔም የራሴ ቀን ደረሰ አልኩና ቆምኩ። ዞር ብዬ ሳይ ብቻዬን ነኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ትሑት ሆነው ነው ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌው እጁን ጭኖ ጸለየልኝ፤ ተጨበጨበ። ቤቴ ገብቼ ሚስቴን ኮቴን እንድታጥብ አዘዝኳት።

ማክሰኞ ኑ ተባልኩ። ማክሰኞ እግር ማጠብ ምንድን ነው አላልኩም። ኮቴን ለብሼ፣ ነጭ ፎጣዬን አጥፌ በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለች ትንሽ ግቢ አለች። ገባሁ። አግዳሚው ላይ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል፤ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ ላይ ዝንብ ሠፍሯል። ነርሷ ውሃ እየቀዳች ነበር። ሽማግሌዎቹ የታሉ አልኳት።

"የትኞቹ ሽማግሌዎች?"

"እግራቸውን የማጥበው።"

ሳቀች። ሳፋውን አስቀምጣ፣ ጭምብሏን አውርዳ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ እሑድ ያለችውን ሁሉ እንደገና ነገረችኝ። ዝሆኔ ነው፤ እግር የሚያሳብጠው በሽታ። በየሳምንቱ በሳሙና መታጠብ አለበት፣ ሰው ደግሞ የለም።

የመጀመሪያው እግር የአንድ አዛውንት ሕመምተኛ ነበር። ጨርቁን ስፈታ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ መጣ። እግር አይመስልም፤ ትልቅ የዝንጅብል ሥር ነው የሚመስለው፣ እብጠት በእብጠት ላይ ተደራርቦበታል። ጣቶቹ በእብጠቱ ተውጠዋል። በጣቶቹ መሐል የነበረው ነገር ነጭ ነው፣ ይላላጣል። ሽታውን ልንገራችሁ፤ ቆጮ የተቀበረበት ጉድጓድ ሳይደርስ ሲከፈት የሚወጣውን ታውቁታላችሁ? እሱ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የሞተ አይጥ ጨምሩበት። አጥሩ ሥር ሄጄ አስታወክሁ። አንድ ወር ሙሉ ቆጮ አፌ አልገባም፤ ለወላይታ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስመለስ ነርሷ እግሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቶቹ መሐል ለመሐል በእጇ ትፈትጋለች።

"ሲስተር፣ አንተ አይሸትህም?" አልኳት። አማርኛዬ ሲደነግጥ ወንዱንና ሴቱን አይለይም።

"ይሸተኛል አባባ" አለች። "ግን እግር ነው።"

በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። እምነት ነው ብዬ አልዋሽም፣ እልህ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ቆሜያለሁ፤ ቆሞ የተቀመጠን ሰው መንደር ዕድሜ ልኩን ይስቅበታል። ጭምብሉ ትንፋሽ ስለከለከለኝ አገጬ ላይ አወረድኩት፤ በምትኩ ከሚስቴ ጓሮ ጤና አዳም ቆርጬ በሁለቱም አፍንጫዬ ወተፍኩ። ቅጠሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ሲግጥ ያቋረጡትን ፍየል እመስላለሁ። ሕመምተኞቹ አዩ፣ ምንም አላሉም። ብዙ ነገር አይተው ምንም ማለት የተዉ ሰዎች ናቸው።

አንድ ቀን ሽማግሌው መጣ፤ ያው እጁን የጫነብኝ። በር ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ መሐረብ አፍንጫው ላይ፣ በሌላው እጁ ስልክ። እግሩን ከፍ አድርገህ ያዝ፣ ወደዚህ እይ፣ ፈገግ በል አለኝ። አንስቶኝ ሄደ። ፎቶዬ በየቴሌግራሙ ዞረ አሉኝ። እሑድ ስመጣ ሰው ሁሉ ጌታ ይባርክህ ይለኛል፣ ከሩቅ ሆኖ። የሚጨብጠኝ ክንዱን ነው የሚሰጠኝ። እኔ የምቀመጥበት ወንበር አራት ሰው ይይዛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን እቀመጥበታለሁ። አጸያፊዎች። ያችን ማተብ ያሰረች ልጅ ጌታን አላገኘችም እያሉ ይጸልዩላታል፣ እሷ ግን እጄን ጨብጣ ነው የምትሸኘኝ።

እየተናደድኩም ቆየሁ። ነርሷ እያጠበች ታስተምራለች፣ እኔ ወደ ወላይትኛ እመልሳለሁ። በሽታው በዘር አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ እባብ ረግጦም አይደለም፤ ቀዩ አፈር ነው፣ ባዶ እግር እየገባ ነው አለች። ጫማ ያደረገ ሰው አይዘውም። ይህን ሳልተረጉም ሳፋው ላይ አጎነበስኩ። አባባ፣ ንገሯቸው እንጂ አለች።

አባቴ ጥጥ ሸጦ አንድ ኮንጎ ጫማ ገዝቶ ነበር፤ ያ ላስቲኩ። የኔ ነበር። ታላቅ እህቴ ከእኔ ጋር በአንድ ማሳ፣ በአንድ ጭቃ ባዶ እግሯን ሠራች። ወንድ ልጅ ነው ገበያ የሚወጣው፣ ሰው የሚያየው እሱን ነው ተባለ። ጡቷ ሳይወጣ እግሯ አበጠ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ እግር ያለበት ቤት ሚስት አይሰጠውም። የእኔ ጋብቻ ሲታሰብ እህቴን ማን አሳየ! በሠርጌ ቀን፣ የሙሽራዋ ወገኖች ሳይደርሱ፣ ጓሮ እንሰቱ መሐል ደረቅ ኮባ አንጥፈን አስቀመጥናት። ከጠዋት እስከ ማምሻ ተቀመጠች። ዝናብ ነበር። እኔ ሙሽራው ሽንቴን ልሸና ጓሮ ስወጣ በቅጠሎቹ መሐል ዓይኖቿን አየሁ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችኝ። እሷ እኔን። እኔም ሱሪዬን አስተካክዬ ወደ ድግሴ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ "ኢሻ"፣ ወንድሜ፣ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ አንተ ብቻ ነው። ባል አላገባችም። ከእኛ ቁልቁል፣ እናቴ በተወችላት ጥማድ መሬት ላይ ትኖራለች። ሚስቴ በሠርጋችን በሦስተኛው ቀን አወቀች፤ ከጓሮ ጎጆ ሳል ሰምታ ሄዳ አገኘቻት። እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ በደንብ አላናገረችኝም። እህቴ እኛ ቤት ከመጣች በጓሮ በኩል ነው የምትገባው። እንዲያ ቀረ። በጓሮ ግቢ ያላት የለም፤ በደጅ ግቢ ያላትም የለም።

አንድ ማክሰኞ የግቢው በር ተከፈተና እህቴ በዱላ እየተደገፈች ገባች። ጎረቤቷ ናት የላከቻት። እግሯ ተሰነጣጥቋል፣ ከስንጥቁ ውሃ ይወርዳል፤ ሽታዋ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ሳፋ ይዤ ፊቷ ቆምኩ። ቀና ብላ ፊቴን አየች።

"አፍንጫህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ጤና አዳም።"

"ለእኔ ነው ወይስ ለሁሉም?"

"ለሁሉም።"

"ደግ ነህ" አለች። እግሯንም ሳፋው ውስጥ ሳታስገባ ወደ ኋላ ሰበሰበች። "ስትደብቁኝ በጓሮ ነበር። ስታጥበኝም ከአጥር ጀርባ? በደጅህ ካልሆነ አልታጠብም።"

ነርሷ ወላይትኛ አታውቅም፤ ምን አለች አባባ አለችኝ። እኔም እንደዚያ አስተርጓሚ አሳጠርኩ። ዛሬ አይመቻትም አልኩ።

እህቴ ይህን ያህል አማርኛ እንደምታውቅ አላሰብኩም ነበር። "ውሸት" አለች። "ቤቱ በር ላይ ይጠበኝ ነው ያልኩት። ወንድሜ ነው።" ሕመምተኞቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እሷ ዱላዋን አንስታ እንደመጣች ወጣች። ነርሷ ተከትላ ለመነቻት፣ እኔ አጥብሻለሁ አለቻት፤ አልሰማችም። ግትርነቱ የቤታችን ነው።

ነርሷ ስትመለስ አልሳቀችም። ቁስሉ መርቅዟል፣ በየሳምንቱ ካልታጠበ ትኩሳቱ እየተመላለሰ እግሯን ይወስዳል፣ እግሯን ከወሰደ ደግሞ እሷንም አለች። እኔ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። ቤቴ ቁልቁል ወደ ተበላ ገበያ ከሚወርደው መንገድ ዳር ነው፤ በገበያ ቀን የማያልፍበት ሰው የለም። ያን እግር በዚያ ደጅ ላይ በሐሳቤ አየሁት። ሰው ምን ይላል አልኩ። አዎ፣ እኔ፣ የእግር አጣቢው፣ በየቴሌግራሙ የዞርኩት፣ ይህን አልኩ። ሽማግሌውን በመሐረቡ እየተጸየፍኩት የእኔ መሐረብ ስንት አጥር የሚያህል እንደነበር አላየሁም።

በአራተኛው ሳምንት ጎረቤቷ መጥታ ትኩሳት ጣላት አለችን። ወረድኩ። መደቧ ላይ በሁለት ጋቢ ውስጥ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ውሃ አጠጣኋት። ነርሷን ጠርቼ ክኒን አስመጣሁላት። ሲሻላት እግርሽን እዚሁ ልጠብ አልኳት፤ ማንም አያይም።

"እሱን ነው የማልፈልገው" አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቤቴ ሄጄ በደጃችን እንደማጥባት ለሚስቴ ነገርኳት። በየትኛው ሳፋ ነው አለች። በሰማያዊው አልኩ። እሱ የእህል ነው፣ ቀዩን ውሰድ አለች። እኔ ያለቀ መስሎኝ ስነሳ ግን አላለቀም ነበር።

"ይህን ያህል ዘመን በጓሮ ስትገባ ያየኋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን በደጅ ግቢ ብለሃታል?"

"አንቺስ?"

"እኔ በሠርግ የመጣሁ እንግዳ ነኝ። ቤቱ የአባትህ ነው።"

በገበያው ቀን ጠዋት ሚስቴ የእንግዳ ወንበራችንን፣ ያን ባለ መደገፊያውን፣ አውጥታ ሣሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጋ አስቀመጠችው። እኔ አልነገርኳትም።

እህቴን በሞተር አመጣናት። ሞተረኛው ሻርፑን እስከ ዓይኑ ስቦ ነበር። ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እግሯን ዘረጋች። መንገዱ ሞልቷል። ሴቶች ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ቀስ ይላሉ፣ ፍየል የሚነዱ ሰዎች ፍየሉን ትተው ያያሉ። አንዳንዱ ሰላም ነው ብሎ ያልፋል፣ አንዳንዱ ምራቁን ይተፋል። ጓንቴን አጠለቅሁ። ውሃው ላይ በረኪና ጠብ አደረግሁ፣ ሳሙናውን ያዝኩ፣ ተንበረከክሁ።

"አውጣው" አለችኝ።

ጤና አዳሙን ከአፍንጫዬ አውጥቼ ጣልኩ። ሽታው ገባ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ያ ሽታ እህቴ ስለሆነች አልቀነሰም። ገና ጨርቁን ሳልጨርስ ወደ ጎን ዞሬ አስታወክሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በራሴ ደጅ።

"ጨርስ፣ ከዚያ ትቀጥላለህ" አለች፤ ፊቷን ከመንገዱ ሳታነሣ።

ቀጠልኩ። በጣቶቿ መሐል፣ በስንጥቁ ውስጥ፣ እንደተማርኩት በጨርቅ ጫፍ። ውሃው መጀመሪያ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ቀለም። አንዳንዴ ጠንከር ሳደርግ የወንበሩን ጠርዝ ትይዛለች፤ ድምፅ ግን አታወጣም። ድምፅ አለማውጣት አንድ ቀን ሙሉ ጓሮ ተቀምጣ የተማረችው ነው።

ሽማግሌው ወደ ገበያ ሲወርድ አየንና ቆመ። መሐረቡ ወጣ። ሚስቴን ሰላም አላት፣ ለእኔ ጎንበስ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ ነገረኝ።

"አባቴ፣ ግቢ ውስጥ ቦታ አዘጋጅተን የለም? እዚህ እኮ ሰው ያያል።"

"እንዲያይ ነው።"

"ማናት?"

በዚያ መንገድ ላይ፣ ጮክ ብዬ፣ አንድም ቀን ያላልኩትን አልኩ። "እህቴ ናት። የእናቴ ልጅ።"

"እህት እንዳለህ አላውቅም ነበር።"

"እሱም አያውቅም ነበር" አለች እህቴ።

ከመንገድ ዳር ካሉት ሴቶች አንዷ ሳቀች። ሽማግሌው ጌታ ይባርካችሁ ብሎ ሄደ፤ ያን ቀን ስልኩን አላወጣም። እግሯን አደረቅሁት፣ ቫዝሊን ቀባሁት፣ ነርሷ በሰጠችኝ ፋሻ ጠቀለልኩት። ፋሻው ተጣምሟል፤ ስፈታ አስተካክላለሁ አልኳት። ማክሰኞ ትመጫለሽ አልኳት። እዚያ አልመጣም፣ እዚህ እመጣለሁ አለች። እሺ አልኩ። አሁንም እንደዚያው ነው፤ ማክሰኞ እዚያ አጥባለሁ፣ በገበያ ቀን እዚህ። አሁንም ያስጠላኛል። ነርሷን ይህ ነገር መቼ ነው የሚለቀኝ ብዬ ብጠይቃት፣ አባባ እጅዎን ነው የምፈልገው እንጂ ሆድዎን አይደለም አለችኝ።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ግን እግሯ የታጠበበት ውሃ ገና በእጄ ነበር። ሳፋውን ተሸክሜ፣ እንደ ቤታችን ልማድ ቆሻሻ ውሃ ወደሚደፋበት፣ በጓሮ ወደ እንሰቱ ዞርኩ። በሠርጌ ቀን እህቴን የደበቅንበት እንሰት ተፍቆ ከተበላ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የተተከለው ሌላ ነው፣ ቦታው ግን ያው ነው። ሚስቴ ከኋላ ጮኸችብኝ።

"እንሰቱ ላይ እንዳትደፋው። በረኪና አለበት፣ ያደርቀዋል።"

እህቴ ከወንበሯ ዞር አለች። ከዚያ ሆና ጓሮው ይታያታል።

"ይድረቅ" አለች።

ሁለቱ ተያዩ። እኔ ሳፋውን እንደያዝኩ፣ ሽታው አፍንጫዬ ሥር፣ ቆምኩ። ሚስቴም፣ "ዳር ያለውን ብቻ" አለች።

ዳር ያለው ላይ ደፋሁት።